ከደሴ ባሕር ዳር በራስ መኪና፦ በወልድያና በጋሸና በኩል ለሚሄድ ሰው

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ይዞ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ግን መንገድ ላይ ይመሽበታል። መንገዱ ደሴ ላይ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሣና ወደ መርሳ ቆላ ይወርዳል፤ ከወልድያ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የመቄት ደጋ ይወጣል፤ ጋይንትንና የጉና ተራራን ሥር በብርድ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለው ጣና ዳር ይወርዳል። ሜዳ ቢሆን ስድስት ሰዓት የሚበቃው ርቀት፣ እዚህ ምሳና እረፍት ሳይቆጠር ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ነዳጁም፣ ፍሬኑም፣ ማደሪያውም የሚታሰበው በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው።

መንገዱን ከፋፍሎ ማየት

ወረቀት ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉት። ሰዓቱ ለአውቶሞቢልና ለፒክአፕ ነው፤ ለተጫነ ሚኒባስ በየክፍሉ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት።

ደሴ – ወልድያ፦ 120 ኪ.ሜ.፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት
ወልድያ – ጋሸና፦ 110 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት
ጋሸና – ነፋስ መውጫ፦ 70 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ቢሉት ይበቃል
ነፋስ መውጫ – ደብረ ታቦር፦ 80 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ሁለት ሰዓት
ደብረ ታቦር – ወረታ፦ 42 ኪ.ሜ.፣ አንድ ሰዓት
ወረታ – ባሕር ዳር፦ 55 ኪ.ሜ. ገደማ፣ አንድ ሰዓት

የስልክ ካርታ የሚከተል ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ካርታው አጭሩን መንገድ ሲፈልግ ከደሴ በኩታበር፣ በወገል ጤናና በኮን አድርጎ ጋሸና ላይ የሚያወጣውን ሊመርጥልዎ ይችላል። በርቀት ያጥራል፤ ነገር ግን የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት፣ ለዝቅተኛ አውቶሞቢልም የሚመከር አይደለም። ካርታው ላይ ወልድያን እንደ መቆሚያ አድርገው ያስገቡት፤ ያኔ ትክክለኛውን መንገድ ይይዛል። በመካነ ሰላም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚገባም መንገድ አለ፤ እሱ ሌላ ዝግጅት ስለሚፈልግ እዚህ አንገባበትም። ካርታውን ደሴ ሳሉ ስልክዎ ላይ አውርደው ያስቀምጡ፤ ከወልድያ በላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አያገለግልም። ማረጋገጫው ሁለት ጊዜ ይሁን፦ አንዱ ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ማታ፣ አንዱ በዚያው ጠዋት።

ማታ ደሴ መናኸሪያ ሄደው የወልድያንና የባሕር ዳርን መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ያነጋግሩ። ጥያቄው «መንገዱ ሰላም ነው?» ከሆነ መልሱ «አብሽር፣ ሰላም ነው» ይሆናል፤ ሰው ሊያጽናናዎ ነው የሚፈልገው። ይልቅ «ዛሬ ከጋሸና የመጣ መኪና አለ? ስንት ሰዓት ገባ? የት ቆመ?» ብለው ይጠይቁ። የዛሬ መኪና ከሌለ ምክንያቱን ሳያውቁ አይነሡ። ወልድያ ላይ የሚያድሩበትን ሆቴልም ደውለው ይጠይቁ፤ ሆቴል ከየአቅጣጫው የገባ ሰው ስለሚያርፍበት ወሬው ትኩስ ነው። የሰዓት እላፊ ከታወጀ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ተሽከርካሪ እንደሚከለከል ለእያንዳንዱ ከተማ ለይተው ይያዙ፤ ከከተማ ከተማ ሊለያይ ይችላል።

ኬላ ላይ የተወጠረ ገመድ ሲያዩ ከሩቁ ፍጥነት ይቀንሱ፤ መስታወት ዝቅ ያድርጉ፤ መሸት ካለ የፊቱን መብራት ወደ አጭር መልሰው የውስጡን ያብሩ። ሰነዱ እጅዎ ሥር ይሁን እንጂ ሳይጠየቁ ኪስ ውስጥ አይግቡ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ያልተቃጠለ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የተሳፋሪዎች መታወቂያ ያስፈልጋል። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልናው አብሮ ይያዝ። «እባክህ ይቺን ወልድያ አድርስልኝ» የሚባል የታሸገ እቃ፣ ላኪው ዘመድ ካልሆነና ተፈትቶ ካልታየ አይቀበሉ።

ወቅት መምረጥ

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ከኅዳር ጀምሮ ደጋው ላይ ውርጭ አለ፤ መንገዱ ግን ደረቅ ነው፣ እይታውም ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሦስት ችግር ያመጣሉ፦ ከወልድያ ቀጥሎ ካለችው ድልብ በላይ ባለው ገደል አፈርና ድንጋይ መንገድ ላይ ይናዳል፣ ደጋው ላይ ጉም ይወርዳል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ ውኃ ወደ መንገዱ ይጠጋል። ወሎ በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ረጅም ድርቅ ያቆየውን አቧራና የፈሰሰ ዘይት አስፋልቱ ላይ ስለሚያነሣው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከክረምቱ ዝናብ የባሰ ያንሸራትታል። በዚያን ሰዓት ቆሞ ሻይ መጠጣት ይሻላል።

ሁለት በዓላት የማደሪያውን ሂሳብ ይለውጣሉ። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ምእመን ደሴን ይሞላዋል። ለገና ደግሞ ላሊበላ የሚወጣው ተሳላሚ ከወልድያ እስከ ጋሸና ያለውን መንገድ በአውቶቡስና በእግር ያጨናንቀዋል፤ ወልድያ ላይ አልጋ አይገኝም። በእነዚህ ቀናት መሄድ ግድ ከሆነ ክፍሉን ቀደም ብለው ያስይዙ፣ ለእግረኛውም ሲሉ በቀን ብርሃን ብቻ ይንዱ።

መኪናውን ማዘጋጀት

ጋራዥ የሚገቡት ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድመው ነው። ዋዜማው ላይ የተፈታ መኪና መንገድ ላይ ይፈታል፤ አዲስ የገባ ሸራም ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ተነድቶ መግባባት አለበት።

ፍሬን። ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህን ነው። የፊት ፓድ ከ4 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየር። ከተማ ውስጥ ሦስት ወር የሚያገለግል ውፍረት በአንድ ረጅም ቁልቁለት ያልቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መሙላት አይበቃም። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ድረስ የሚወርደው በዚህ ነው። መካኒኩ ዘይቱን ሲቀይር ከአራቱም ጎማ የፍሬን መስመር አየር ማስወጣቱን ቆመው ይዩ። የእጅ ፍሬኑንም ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ አቁመው ይፈትኑት፤ ካልያዘ ድልብ ዳገት ላይ ጎማ መቀየር አይቻልም።

ማቀዝቀዣ። 3,000 ሜትር ላይ ተራ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ መኪናው ደሴ ውስጥ ምንም ሳይሆን ይኖርና ዳገት ላይ ይፈላል። ዋጋው ከሁሉም መለዋወጫ የረከሰ ስለሆነ ከተጠራጠሩ ይቀይሩት። ኩላንቱ ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀል። ቱቦዎቹን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእጅ ጨምቀው ይዩ፤ ያበጠ ወይም የላላ ካለ ይቀየር። የራዲያተሩ ፊት በነፍሳትና በጭቃ ከተደፈነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በውኃ ይታጠብ። ቺንጋውን ገልብጠው ስንጥቅ ይፈልጉ።

ጎማ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች መጨረሻ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩዎታል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደኅና ቢመስልም ያረጀ ጎማ መርሳ ቆላ ላይ ሙቀቱ ሲበረታበት ይፈነዳል። ለዝናብ ጊዜ የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ። ንፋሱን ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ፤ መጠኑ በሹፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተጽፏል። ስኮርቱን አይርሱ። ብዙ ሰው አራቱን አስነፍቶ አምስተኛውን ባዶውን ይዞት ይሄዳል። ፒክአፕ ከሆነ ስኮርቱን የሚያወርደው ሰንሰለት በጭቃ ሊነክስ ስለሚችል ደሴ ላይ አንዴ አውርደው ይመልሱት። ክሪኩና ክሮቼው የእርስዎን መኪና ቡሎን የሚፈታ መሆኑን በእጅዎ ሞክረው ይወቁ።

ከዚህ ሌላ፦ መብራቶች ሁሉ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ባትሪ። ለናፍጣ መኪና ባትሪው ደጋ ካደረ በኋላ ጠዋት ማስነሣት መቻል አለበት።

ጭነትን በተመለከተ አንድ ኩንታል እህል ከአንድ ተሳፋሪ ይከብዳል። አምስት ሰው ተቀምጦበት ኩንታል የተጫነበት ቪትዝ ድልብን ሲወጣ በመጀመሪያ ማርሽ ይጎተታል። ምክንያቱ የሞተሩ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሲሦውን ገደማ አጥቷል ማለት ነው። መቅደምም የሚታሰበው በዚህ ነው፤ ደሴ ውስጥ የሚያውቁት መኪና እዚያ ላይ ያ መኪና አይደለም። ከባዱን እቃ ታች፣ ወደ ኋላ ወንበሩ አስጠግተው ያስቀምጡ። ፖርቶመጋላ ላይ ብርድ ልብስና ፍራሽ ቢጫን ምንም አይል፣ እህል ግን አይጫን።

የሚያዝ እቃ፦ 10 ሊትር ውኃ ለመኪናው ብቻ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ቫልቮላ፣ የጎማ ንፋስ መሙያ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ጎማ መደገፊያ ሁለት እንጨት፣ ለየሰው አንድ ጋቢ።

ነዳጅና ክፍያ

ሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚበላ አውቶሞቢል ተጭኖ በዚህ መንገድ 10 ወይም 11 ሊትር ይበላል። ለ475 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ የአብዛኛው አውቶሞቢል ታንከር ሙሉው ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ሙሉ ይሞላል፣ ወልድያ ላይ ማታውኑ እንደገና ይሞላል። «ግማሽ አለኝ፣ ደብረ ታቦር እሞላለሁ» አይባልም፤ ማደያው ቢኖርም ነዳጁ ላይኖር ይችላል፣ ነዳጁ ቢኖርም ሰልፉ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ወልድያ ላይ ከሞሉ ባሕር ዳር እስኪገቡ ማደያ ሳይፈልጉ መድረስ ይችላሉ። ደብረ ታቦር ላይ ካገኙ ይጨምሩ፤ ካላገኙም አይጨነቁ።

የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ሒሳቡን ቀድመው ይሙሉ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ መተግበሪያው አይከፍትም፤ በ*127# ግን ይሠራል፤ የይለፍ ቁጥርዎን በቃል ይወቁት። ጥሬ ብርም ይያዙ፣ ለምግብ፣ ለጎሚስታና ለአልጋ። በጀሪካን ለመቅዳት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ ከልጆች ጋር በአንድ መኪና መጓዝ ደግሞ ፈቃድ ቢገኝም የሚደረግ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከደሴ ወልድያ

አንድ ቀን ላይ ጨርሶ መድረስ ይቻላል የሚል አይጠፋም። ይቻላል፤ ነገር ግን ጎማ አንዴ ከፈሰሰ ወይም ኬላ ላይ አንድ ሰዓት ከቆሙ ጨለማው የሚያገኝዎ ጉና ሥር ነው። ሁለት ቀን ይያዙ፣ ማደሪያውም ወልድያ ይሁን። ወልድያ ሆቴሉም፣ ጋራዡም፣ ጎሚስታውም አለ። ትልቁን ዳገት በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛ አየር ይወጡታል። ከጋሸና ማታ የገቡ ሹፌሮችንም እዚያው ያገኛሉ።

ከደሴ አራት ሰዓት ላይ ቢወጡ ይበቃል። ወደ ሐይቅ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ስለሆነ ፍሬኑን የሚፈትኑት እዚህ ነው፤ ፔዳሉ የሚርገፈገፍ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ የሚሰማ ከሆነ ደሴ ገና ቅርብ ነው፣ ይመለሱ። ምሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ ይበላል። በጾም ቀናት ምን እንደሚገኝ፣ በረመዳን ቀንም የትኛው ቤት ክፍት እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ፤ በወሎ ከተሞች የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት የተለያየ ስለሆነ ከእርስዎ ጋር ያሉት እንግዶች ከሌላ አገር ከመጡ ይንገሯቸው።

ከውጫሌ በኋላ መንገዱ ወደ ውርጌሳና መርሳ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። እዚህ የሚያሳስበው ከብትና ግመል ነው። መንጋ ሲያዩ ክላክስ በተደጋጋሚ አይንኩ፤ ከብቱ ይበረግግና ወደ መኪናው ይመጣል። እረኛው የሚሄድበትን አቅጣጫ አይተው ከመንጋው ኋላ ይለፉ። አንድ ጥጃ ከተሻገረ እናቲቱ መከተሏ አይቀርም። በገበያ ቀን አህያ የጫነ ሰው የመንገዱን ግማሽ ይይዛል፤ ፍጥነት 30 በቂ ነው። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ይገዛል። ወልድያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ በዚያው ነዳጅ ይሞሉ፣ የጎማ ንፋስ ያዩ፣ ኩላንት የጎደለ ካለ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይሙሉ፣ ግቢ ያለው ማደሪያ ይያዙ።

ሁለተኛው ቀን፦ ከወልድያ ባሕር ዳር

በበጋ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ። በክረምት ጉሙ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ይቆዩ። ከሳንቃና ከድልብ በኋላ ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ ይጀምራል፤ የጉዞው ዋና ሥራ ይህ ነው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። ሞተሩ እስኪንተፋተፍ አይጠብቁ፤ ጉልበት ሲያንሰው ቀድመው ማርሽ ያውርዱ። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጦ የሚወጣ መኪና ቶሎ ይግላል፣ ምክንያቱም ማቀዝቀዣውን ውኃ የሚያዞረው ፓምፕ የሚፈጥነው ሞተሩ ሲዞር ነው። አውቶማቲክ ከሆነ በ«ዲ» አይተዉት፤ ወደ «2» ወይም «ኤል» ዝቅ ያድርጉት፤ ካለዚያ ማርሹ ወዲያ ወዲህ እያለ የማርሽ ዘይቱን ያግለዋል። የሙቀት መርፌው ከመሀል ካለፈ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ይክፈቱ፣ መስታወት ዝቅ ያድርጉ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙ።

ጠባብ ቦታ ላይ ቅድሚያው የሚወጣው ነው፤ ተጭኖ ዳገት ላይ ከቆመ ማስነሣቱ ይከብደዋል። የማይታይ ኩርባ ላይ አንድ ረዘም ያለ ክላክስ ይነፋ፣ ከዚያ በራስ መስመር ይዞራል። ቅርንጫፍ ወይም የተደረደረ ድንጋይ አስፋልት ላይ ካዩ ከፊትዎ የተበላሸ መኪና አለ። እርስዎም ቢበላሽብዎ ይህንኑ ማድረግዎ አይቀርም፤ ሲነሡ ግን ድንጋዩን አንስተው ዳር ያድርጉት። ትተውት የሄዱት ድንጋይ ማታ የሚመጣውን ሰው ይገድላል። ይህን ደጋግመን የምንለው መንገዱ ላይ በየጊዜው ስለምናየው ነው።

ጋሸና ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳሉ። እዚህ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ላሊበላ ይወስዳል፣ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር የሚሄድ ቀጥታ ይይዛል። መኪናው ይረፍ፣ ሰዉም ሻይ ይጠጣ። ልጆችን ጋቢ ያልብሱ። ኩርባው ያስመለሰው ልጅ ካለ ከፊት ለፊት ወደ ሩቅ እንዲያይ ያድርጉት፤ ስልክ አይስጡት። የሚቀጥለው መንገድ በፍላቂትና በደብረ ዘቢጥ ደጋ ላይ የሚሄድ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ በጎችም ከዳር ድንገት ይገባሉ፤ ከ70 አይለፉ።

ጨጨሆን አልፈው ጋይንት ይገባሉ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ይዘው መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ገደማ የፈጀባቸው፣ ከ1867 እ.ኤ.አ. ጥቅምት እስከ 1868 መጋቢት፣ በዚህ አገር ነው። ጨጨሆ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ላየ ሰው ያን ያህል ጊዜ ለምን እንደወሰደ ይገባዋል።

ነፋስ መውጫ ላይ ምሳ ይበላል። አንድ የማይጣስ ሰዓት ይኑርዎ፦ ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ መውጫን ካልለቀቁ ማደሪያዎ ደብረ ታቦር ነው፤ ደብረ ታቦርንም አሥር ሰዓት ሳይሞላ ካልለቀቁ እዚያው ይደሩ። ጎብጎብና ክምር ድንጋይ በኩል በጉና ሥር ሲያልፉ ከሰዓት በኋላ በበጋም ቢሆን ብርድና ጭጋግ ሊመጣ ይችላል፤ ጭጋግ ውስጥ አጭር መብራት ብቻ ይበራል፣ ረጅሙ ወደ ዓይንዎ ይመለሳል።

ከደብረ ታቦር ወረታ ያለው 42 ኪሎ ሜትር ከ2,700 ሜትር ገደማ ወደ 1,800 የሚወርድ ነው። አወራረዱ፦

1. ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ያውርዱ። ያንን ቁልቁለት ወደ ላይ ቢወጡት በምን ማርሽ ይወጡት ነበር? በዚያው ይውረዱት።
2. ፍሬኑን ሳያቋርጡ አይርገጡት። ጠንከር አድርገው ረግጠው ፍጥነቱን ቀንሰው ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ በመካከሉ ይቀዘቅዛል። ዝግ ብሎ እንደተረገጠ የሚቆይ እግር ነው ፍሬን የሚያቃጥል።
3. ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው አይልቀቁ፣ ሞተርም አያጥፉ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ማገዣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይደርቃል። ለማንኛውም ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጅ አይረጭም፤ የሚቆጠብ የለም።
4. ሽታ ከተሰማዎ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው በታች ከወረደ ሜዳ ሲያገኙ ይቁሙና ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። በጋለው ዲስክ ላይ ውኃ አይድፉ፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ዓለም በርን አልፈው ወረታ ሲደርሱ ወደ ግራ፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው። በፎገራ ሩዝ እርሻ መሀል ያልፋል፤ ባጃጁ፣ ትራክተሩ፣ ብስክሌቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚደክመውና የሚያንቀላፋውም እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ዳገቱ አልቋል። ሐሙሲት ላይ አሥር ደቂቃ ይውረዱና ይራመዱ። ባሕር ዳር የሚገቡት ዓባይን ተሻግረው ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ድልድዩ ላይ ለፎቶ አይቁሙ።

መንገድ ላይ ቢበላሽ

የፈላ መኪና። ሰፊ ዳር ያውጡት፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይንኩ። ግፊቱ ያለበት ክዳን ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ ወፍራም ጨርቅ ደርበው በመጀመሪያ ሩብ ያህል ብቻ ያዙሩት። ጉድለቱን የሚሞሉት ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በቀስታ ነው። ሞልተውት በአሥር ደቂቃ እንደገና ከፈላ መኪናው በራሱ አይሄድም፤ ዘይት መለኪያውን ያውጡና ነጭ አረፋ ካለበት ጭራሽ አያስነሡት፣ በጭነት መኪና ያስወስዱት።

የፈሰሰ ጎማ። ኩርባ ላይ ከሆነ ጎማው ቢበላም ቀስ ብለው ቀጥ ያለ ቦታ ድረስ ይሂዱ፤ ጎማ በገንዘብ ይተካል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ በታችኛው በኩል ያለውን ጎማ በእንጨት ወይም በድንጋይ ይደግፉ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ይውረድ። ቡሎኑን ክሪክ ከማስገባትዎ በፊት መሬት ላይ እያለ ያላሉት። ሲያስሩ ፊት ለፊት ያሉትን እያቀያየሩ ያጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ያጥብቁት፣ መላላት ያለ ነውና።

ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ኔትወርክ ከሌለ መጀመሪያ ያገኙትን ተሽከርካሪ ወደሚቀርበው ከተማ መልእክት ያስይዙት። ገበሬ ሲያገኙ «አባቴ፣ ከተማው ስንት ይርቃል?» ከማለት «በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ቢሉ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ለመልሱ

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ይገለበጣል፤ ከጋሸና ወልድያ የሚወረደው ከሁሉም ይረዝማል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ በቆዩበት ጊዜ ጎማ አስፈትተው የፓዱን ውፍረት ያስለኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እዚያው ያስቀይሩት። ማደሪያውን አሁን ደብረ ታቦር ያድርጉት፤ ያኔ ድልብን የሚወርዱት ከቀኑ ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጉም በሌለበት፣ ሳይደክሙ ነው። ነዳጅ ባሕር ዳር ላይ ሙሉ ይሞላል፣ ወልድያ ላይ ይጨመራል፤ ከመርሳ በኋላ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ከሚገምቱት በላይ ይበላል።